ሙሉ ዲስክ ኢንክሪፕት ሲደረግ ላፕቶፕ ምን ያህል ይዘገያል?

ሒሳብ ሹሟ

ሰላም ለሁላችሁ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለ አነስተኛ የሒሳብ ቢሮ ነው፤ አምስት ላፕቶፖች አሉ። ሠራተኞች ማሽኑን በቦርሳ ይዘው ከደንበኛ ደንበኛ ይዞራሉ። ታክሲ ላይ አንዱ ቢጠፋ የደመወዝ ሰነዱም፣ የባንክ ስቴትመንቱም፣ የግብር ፋይሉም አብሮ ነው የሚሄደው። የዊንዶውስ ፓስወርድ ብቻውን እንደማያድን ይገባኛል፤ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ የሰካ ሰው ሁሉንም ያያል። ስለዚህ ዲስኮቹን በሙሉ በቢትሎከር (የዊንዶውስ የራሱ ዲስክ መቆለፊያ) ኢንክሪፕት ለማድረግ፣ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበቡ ለማመስጠር ታስቧል።

ማሽኖቹ እነዚህ ናቸው፦

ሁለቱ አሮጌዎች ኮር አይ3 3110ኤም፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ 5400 ዙር፣ ዊንዶውስ 10 ፕሮ። ሁለቱ ኮር አይ5 8250ዩ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ)፣ ዊንዶውስ 11 ፕሮ። አንዱ ኮር አይ7 1165ጂ7፣ 16 ጊጋ ራም፣ 512 ጊጋ ኤንቪኤምኢ (ከሳታው በጣም የፈጠነ የኤስኤስዲ ዓይነት)፤ ዊንዶውስ 11 በቅርቡ እንደ አዲስ ተጭኖበታል። የሒሳብ ፕሮግራማችን የፒችትሪ ዳታ ያለው እዚህኛው ላይ ሆኖ ሌሎቹ በኔትወርክ ይገቡበታል።

አሮጌዎቹ አሁንም ፒችትሪ እስኪከፍቱ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል። የተሰጡን ምክሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ «ማሽኑን ይገድለዋል»፣ ሌላው «ምንም አይታወቅም» ይላል። የትኛው ነው ትክክል? ኤስኤስዲ ይጎዳል? ሥራው መሀል ላይ መብራት ቢጠፋስ? ከአሮጌዎቹ አንዱ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ ሊኑክስ የመጫን ሐሳብም አለ፤ እዚያ የተለየ ነገር ካለ ንገሩን።

ሰባተኛ ፎቅ

እህቴ፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የተነገሩት ስለተለያየ ማሽን ስለሆነ ነው የተጋጩት። ነገሩን የሚወስኑት ሁለት ጉዳዮች ናቸው፦ ፕሮሰሰሩ ለኤኢኤስ (ዳታ ለሚመሰጠርበት ስሌት) የተሠሩ መመሪያዎች አሉት ወይ፣ ዲስኩስ ምን ያህል ፈጣን ነው።

ቢትሎከርም ሆነ የሊኑክሱ ሉክስ የሚያመሰጥሩት በኤኢኤስ ነው። ኢንቴል ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ኤኤምዲ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ይህን ስሌት በቀጥታ በቺፑ ላይ የሚሠሩ መመሪያዎችን አስገብተዋል፤ ኤኢኤስ-ኤንአይ ይባላሉ። ኢንቴል ግን ለሁሉም እኩል አላደለም። በሁለተኛና በሦስተኛ ጀነሬሽን አይ5 እና አይ7 ሲያገኙ አይ3 ተከልክሏል። አይ3 ያገኘው ከአራተኛው ጀነሬሽን ወዲህ ነው፤ ሴሌሮንና ፔንቲየም ደግሞ ከዚያም ዘግይተው። «ስላይትሊ ዩዝድ» ላፕቶፕ ስትገዙ ሻጩ ራሙንና ስቶሬጁን እንጂ ይህን አይነግራችሁም። ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍታችሁ «ኢንስትራክሽንስ» የሚለው መስመር ላይ ኤኢኤስ ተጽፎ እንደሆነ እዩ። የእናንተ 3110ኤም የለውም።

አሁን ስሌቱን እንየው። ፕሮግራም ሲከፈት ዲስኩ የሚጠየቀው ትንንሽ ቁራጭ ነው፤ 4 ኪሎባይት እንበል።

5400 ዙር ሃርድ ዲስክ ላይ አንድ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ አለ፣ የዲስኩ ማንበቢያ ራስ ከቦታ ቦታ እስኪሄድ ደግሞ 12 ሚሊሰከንድ ገደማ፤ በድምሩ 18 ሚሊሰከንድ በሉት። ያለ ኤኢኤስ-ኤንአይ አንድ ኮር በሰከንድ 150 ሜጋባይት አካባቢ ይፈታል ብንል፣ 4 ኪሎባይቱን ለመፍታት 27 ማይክሮሰከንድ ይበቃዋል። ይህ ከጠቅላላው መዘግየት ከ600 አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ፒችትሪ ለመክፈት ሻይ የሚያስፈላው ዲስኩ ነው፤ ኢንክሪፕት ብታደርጉትም ባታደርጉትም ያው ሻይ ነው።

ይህኛው ማሽን የሚመታው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ትልቅ ፋይል ስትገለብጡ ዲስኩ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ያህል ያወጣል፤ ያንን ለመፍታት ከሁለቱ ኮሮች የአንዱ ሁለት ሦስተኛ ይያዛል። 4 ጊጋ ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ወደ ዲስክ ያራግፋል፣ የተራገፈውም ሲወጣ ሲገባ ይመሰጠራል፣ ይፈታል። አንቲቫይረስ በዚያው ሰዓት ፍተሻ ከጀመረ ማሽኑ ይታነቃል። «ይገድለዋል» ያለው ሰው ያየው ይህን ሳይሆን አይቀርም።

8250ዩ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ኤኢኤስ-ኤንአይ ስላለው አንድ ኮር በሰከንድ ከ1.5 እስከ 2 ጊጋባይት ገደማ ይፈታል። ሳታ ኤስኤስዲ ቢበዛ 550 ሜጋባይት ነው የሚያወጣው፤ ከአራት ኮሮች የአንዱ ሲሶ ቢያዝ ነው። ትንሿን 4 ኪሎባይት ለማውጣት ኤስኤስዲው 100 ማይክሮሰከንድ ገደማ ሲወስድ መፍቻው ከ2 እስከ 3 ነው። እነዚህን ዛሬ ማታ ጀምሯቸው፤ ልዩነቱን የሚያውቅ ሠራተኛ አይኖርም።

ኤስኤስዲ ስለመጎዳት፦ ሥራው ዲስኩን አንድ ጊዜ ሙሉ እንደመጻፍ ነው። 250 ጊጋ አካባቢ የሆነ ደህና ኤስኤስዲ 150 ቴራባይት እስኪጻፍበት ዋስትና አለው፤ የእናንተ አንድ ዙር ከዚያ ላይ 0.2 ከመቶ አይሞላም። ከዚያ በኋላ የተመሰጠረ ዳታ ካልተመሰጠረው በመጠን አይበልጥም፣ ቢትሎከርም ትሪምን (ባዶ የሆነውን ቦታ ለኤስኤስዲው የሚያሳውቀውን ትእዛዝ) ያሳልፋል። ይህን እርሱት።

መብራት ቢጠፋ ቢትሎከር ካቆመበት ይቀጥላል። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ይበልጥ ይሻላል፤ ባትሪያቸው የሞተና ቻርጀር ሲነቀል አብረው የሚጠፉ ማሽኖች ካሉ ግን ከዩፒኤስ ጋር አያይዙ። አደጋው ከኢንክሪፕሽኑ ሳይሆን ሃርድ ዲስክ በድንገት ሲጠፋ በማንኛውም ቀን ሊደርስበት ከሚችለው ጉዳት ነው። እና በሐምሌ አትጀምሩት፤ የግብር ሰሞን ላይ ማሽን አይነካም።

ካቻቢቴ

ከፍጥነቱ በፊት ዲስኩን መርምሩት፤ ይህ ካልተደረገ ሌላው ወሬ ነው።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ጫኑና አሮጌዎቹ ሃርድ ዲስኮች ላይ ሦስት መስመር ተመልከቱ፦ 05፣ ሲ5 እና ሲ6። 05 ዲስኩ ተበላሽተው በሌላ የተካቸው ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች) ናቸው። ሲ5 ደግሞ መነበብ አቅቷቸው ወረፋ የሚጠብቁት፤ ሲ6 ተስፋ የተቆረጠባቸው። ሲ5 ከዜሮ በላይ ከሆነ ያንን ዲስክ ኢንክሪፕት አታድርጉ። ኢንክሪፕሽን ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው እያንዳንዱን አንብቦ መልሶ ይጽፋል፤ የደከመ ዲስክ በዕድሜው ያልተሠራውን ሥራ በአንድ ሌሊት ሲጫንበት እዚያው ይወድቃል። አንዳንዴ 37 ከመቶ ላይ ቆሞ ለሰዓታት አይነቃነቅም። ያ መጥፎ ሴክተር ላይ መቆሙ ነው፤ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አጥፉት።

የወደቀው ግማሹ ኢንክሪፕት ሆኖ ከሆነ ማውጣቱ ከተራው ዲስክ ይከብዳል። ቢትሎከር ቁልፉን የያዘውን መረጃ ዲስኩ ላይ በሦስት ቦታ ያስቀምጣል፣ ማይክሮሶፍትም የመጠገኛ መሣሪያ አለው፣ ግን ሪከቨሪ ኪው (ዲስኩን የሚከፍተው ባለ 48 አሃዝ መጠባበቂያ ቁጥር) በእጃችሁ መኖር አለበት፤ ሌላ ባዶ ዲስክም ይፈልጋል። ኪው ከሌለ ማንም ጠጋኝ አያወጣውም፤ አወጣለሁ ካላችሁ ገንዘባችሁን ነው የሚያወጣው።

ለሁለቱ አይ3ዎች የምለው፦ ለኢንክሪፕሽን ከመጨነቅ ኤስኤስዲ ግዙ። 2.5 ኢንች ሳታ፣ 240 ወይም 256 ጊጋ ይበቃል። ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ነው፤ የአንዳንዱ አሮጌ ላፕቶፕ ቦታ 9.5 ስለሆነ ከኤስኤስዲው ጋር የሚመጣውን የፕላስቲክ ክፈፍ አትጣሉ፣ አለዚያ ሶኬቱ ላይ ይወዛወዛል። ራም ዲዲአር3ኤል ላፕቶፕ ዓይነት፣ 204 ፒን፤ አንድ 4 ጊጋ ጨምሩ። ይህ ከተደረገ በኋላ ኢንክሪፕት ሆኖም ቢሆን ካሁኑ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድጋፉ ስለተቋረጠና 11 ሦስተኛ ጀነሬሽንን በይፋ ስለማይቀበል፣ የኡቡንቱው ሐሳብ ክፉ አይደለም።

ዊንዶውሱን ከአሮጌው ዲስክ ወደ አዲሱ በክሎን (እንዳለ በመገልበጥ) ልታሻግሩ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ አሻግሩ፣ ኢንክሪፕሽኑ በኋላ ይሁን። የተመሰጠረ ዲስክ ሲገለበጥ ፕሮግራሙ ባዶውንና ሙሉውን መለየት ስለማይችል 500 ጊጋውን በሙሉ ሊገለብጥ ይሞክራል፣ 256 ላይ አልገባ ይላል።

ሌላ ማንም የማያነሳው ነገር የባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ባትሪ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሲአር2032 የምትባለው 3 ቮልት ባትሪ ከሞተች፣ ዋናው ባትሪ ባለቀ ቁጥር የባዮሱ ቅንብር ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ሰዓቱ እየተሳሳተ የሚነሳ ማሽን ካላችሁ ምልክቱ እሱ ነው። ቅንብሩ ሲለወጥ ቲፒኤም የሚባለው፣ የቢትሎከርን ቁልፍ የሚጠብቀው ቺፕ «ይሄ ያወቅሁት ማሽን አይደለም» ይላል፣ ቢትሎከርም 48 አሃዝ ሪከቨሪ ኪ ይጠይቃል። መብራት ጠፍቶ በመጣ ማግስት ሠራተኛው ሰማያዊ ስክሪን ፊት ይቀመጣል። ባትሪዋን ቀድማችሁ ቀይሩ።

በአዲሱ አይ7 ላይ ግን ከሰባተኛ ፎቅ በተለየ እጠነቀቃለሁ። በ2023 እ.ኤ.አ. በታተመ ሙከራ ቢትሎከር ፈጣን ኤንቪኤምኢ ላይ እስከ 45 ከመቶ ፍጥነት መቀነሱ ታይቷል። የሁሉም ዳታ ያለው እዚያ ከሆነ ወይ የኤስኤስዲውን የራሱን ኢንክሪፕሽን ተጠቀሙ፣ ወይ ማሽኑን ቢሮ ቆልፋችሁ ይቅርበት።

ሰባተኛ ፎቅ

ካቻቢቴ፣ ስለ ሲ5ና ስለ ባዮስ ባትሪው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። 45 ላይ ግን እንለያያለን፤ ቁጥሩ እውነት ነው፣ የሚነግረን ግን ሌላ ነው።

ያ ሙከራ እጅግ ፈጣን በሆነ ኤስኤስዲ ላይ የተደረገ ሲሆን 45 የመጣው በከፋው ውጤት ላይ ነው፤ በሌሎቹ ልዩነቱ ያነሰ ነው። ምክንያቱን ከላይ ካለው ስሌት ማየት ይቻላል። ኤንቪኤምኢ በሰከንድ 3.5 ጊጋባይት ሲያወጣ፣ አንድ ኮር 2 ጊጋባይት ከፈታ፣ ሁለት ኮር ገደማ ሌላ ሥራውን ትቶ እሱን መከተል አለበት። ዲስኩ ሲፈጥን መፍቻው ወደ ኋላ ይቀራል። ሃርድ ዲስክ ላይ የማይታየው ወጪ ፈጣኑ ዲስክ ላይ ነው የሚታየው፤ ግርምቱ እዚህ ላይ ነው።

ለሒሳብ ቢሮ ግን ማን ነው በሰከንድ 3.5 ጊጋባይት የሚያነበው? ፒችትሪ የሚሠራው በትንንሽ ጥያቄ ነው፤ ሌሎቹ ማሽኖች የሚገቡትም በኔትወርክ ነው። የአንድ ጊጋቢት ገመድ በሰከንድ 110 ሜጋባይት አካባቢ ያሳልፋል፣ ዋይፋይ ከዚያም ያነሰ። ኤንቪኤምኢው ግማሽ ፍጥነቱን ቢያጣ እንኳ የኔትወርኩ 15 እጥፍ ይሆናል። ሠራተኛዋ ጋ ፒችትሪ የሚንቀራፈፈው በዋይፋዩ እንጂ በቢትሎከር አይደለም።

የኤስኤስዲውን የራሱን ኢንክሪፕሽን ስለመጠቀም፣ አይሆንም። በ2018 እ.ኤ.አ. የሆላንዱ ራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታወቁ አምራቾችን ኤስኤስዲዎች መርምረው በአንዳንዶቹ ላይ ያለ ትክክለኛ ፓስወርድ ዳታውን ማውጣት ችለዋል። ከዚያ ወዲህ፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. መጸው ማሻሻያ ጀምሮ፣ ዊንዶውስ በነባሪነት በዲስኩ የራስ ኢንክሪፕሽን አይተማመንም፤ በሶፍትዌር ነው የሚሠራው። ማይክሮሶፍት ያላመነውን እኛ ለደንበኛ ሰነድ የምናምንበት ምክንያት የለም። ማሽኑ ቢሮ ተቆልፎ ይቅር የሚለውም አይበቃም፤ ቢሮም ይሰበራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰው መረጃ መጠበቅ ውዴታ ብቻ አይደለም።

ሒሳብ ሹሟ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ክፈቺና «ማኔጅ-ቢዲኢ -ስታተስ» ብለሽ ጻፊ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፊው፣ በመሀሉ ሰረዝ አለ። ዊንዶውስ 11፣ 24ኤች2 የሚባለው ስሪት፣ እንደ አዲስ ሲጫን በማይክሮሶፍት አካውንት ከተገባ ማንንም ሳይጠይቅ ኢንክሪፕሽን ያበራል። አይ7ቱ ላይ በቅርቡ ተጭኗል ብለሻል። ምናልባት እስካሁን ኢንክሪፕት ሆኖ ስትሠሩበት ከርማችኋል።

ሒሳብ ሹሟ

ወንድሞቼ፣ ሁሉንም ተከታትያለሁ፤ ውጤቱ ይኸው።

አይ7ቱ ላይ «ከንቨርዥን ስታተስ» ሙሉ በሙሉ ኢንክሪፕትድ ይላል፣ «ፐርሰንቴጅ ኢንክሪፕትድ» 100 ከመቶ፣ «ኢንክሪፕሽን ሜተድ» ኤክስቲኤስ-ኤኢኤስ 128፣ «ፕሮቴክሽን ስታተስ» ኦን። ማንም አላበራውም፣ ማንም መዘግየቱን አላወቀም። ሪከቨሪ ኪው የት እንዳለም የሚያውቅ የለም፤ ዊንዶውሱን የጫነው ሰው በራሱ አካውንት ነው የገባው።

ከሁለቱ አይ3 አንዱ ሲ5 ላይ 24 አለው፤ ስለዚህ ኤስኤስዲ ይገዛለታል። ሌላኛው ሦስቱም ዜሮ ነው። አይ5ዎቹ ላይ ልጀምር ስል «የተያዘውን ቦታ ብቻ» ወይስ «ሙሉውን ዲስክ» ብሎ ጠየቀ። የትኛው? ፒኑንስ በአማርኛ ማድረግ ይቻላል? ልዩነቱን በቁጥር ለማየት ምን ልለካ?

ሰባተኛ ፎቅ

ከአይ7ቱ እንነሳ፣ አጣዳፊው እሱ ነው። እዚያው ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ «ማኔጅ-ቢዲኢ -ፕሮቴክተርስ -ጌት ሲ፡» ብለሽ ስትጽፊ «ኒውሜሪካል ፓስወርድ» ከሚለው ሥር በስድስት በስድስት የተከፋፈለ 48 አሃዝ ይወጣል። ከላዩ ያለው መለያ ቁጥር፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ 8 ምልክቶች፣ ኪው የየትኛው ማሽን እንደሆነ የሚታወቅበት ነው፤ ሁለቱንም አብራችሁ አትሙ። ሁለት ቅጂ በወረቀት፦ አንዱ ካዝና ውስጥ፣ ሌላው ከቢሮው ውጭ። የዚያ ሰው አካውንት ላይ ያለው ቅጂ የእናንተን ዲስክ ይከፍታል፤ አሁን ማሽኑ ክፍት ሳለ አዲስ ኪ ጨምራችሁ አሮጌውን አጥፉት፤ የምታትሙትም አዲሱን ይሁን። ማሽኑ አንዴ ኪውን መጠየቅ ከጀመረ በኋላ ይህን ማድረግ አይቻልም።

የተያዘውን ቦታ ብቻ ወይስ ሙሉውን? ከካርቶን ለወጣ አዲስ ኤስኤስዲ የተያዘው ብቻ ይበቃል፤ በደቂቃዎች ያልቃል። ሲሠራበት ለኖረ ማሽን ግን ሙሉውን። የተደመሰሰ ፋይል ባዶ በሚባለው ቦታ ላይ ሳይመሰጠር ይቀራል፣ በመልሶ ማግኛ ፕሮግራምም ይወጣል። ለአይ5ዎቹ ሙሉውን ምረጪ። ለቀረው ሃርድ ዲስክም ሙሉውን፣ ግን ቅዳሜ ማታ ሰክታችሁት ሂዱ፤ 500 ጊጋ በዚያ ዲስክ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፣ አንብቦ እዚያው መልሶ ስለሚጽፍ። ሲያንቀላፋ ስለሚቆም ስሊፕን አጥፉ።

ፒን በአማርኛ አይሆንም። ፒኑ የሚጠየቀው ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ነው፤ ፓወር ግዕዝም ሆነ ሌላ ኪቦርድ በዚያ ሰዓት የለም። በነባሪው ከ6 እስከ 20 አሃዝ ቁጥር ነው የሚቀበለው። 123456 እና የቢሮው ስልክ አይቆጠሩም።

መለካት፦ ክሪስታል ዲስክ ማርክ። ከኢንክሪፕሽኑ በፊት አንዴ፣ 100 ከመቶ ካለቀ በኋላ አንዴ። ቻርጀር ተሰክቶ፣ የፓወር ሞዱ አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ማሽኑ ከተነሳ 10 ደቂቃ አልፎት። ሰው ሁሉ የሚያየው ላይኛውን መስመር ነው፤ ትልቅ ቁጥር ስላለው። አንቺ የታችኛውን እዪ፣ ራንደም 4 ኪሎባይት፣ ኪው 1 (እዚህ ላይ ወረፋ ማለት ነው)፣ ትሬድ 1 የሚለውን። የቢሮ ሥራ የሚመስለው እሱ ነው። ሃርድ ዲስክ እዚያ ላይ በሰከንድ ከ1 ሜጋባይት በታች ያወጣል፣ ሳታ ኤስኤስዲ ንባቡ ከ25 እስከ 40። ከ5 ከመቶ በታች የሆነ ልዩነት ያለ ኢንክሪፕሽንም ሁለት ጊዜ ስትለኪ የሚመጣ ነው። ኢንክሪፕሽኑ እየተካሄደ ሳለ የተለካ ግን አይቆጠርም፤ ብዙ ሰው በዚያ ሰዓት ለክቶ ነው የሚደነግጠው።

አንድ ሰው የሚያማርርበት እውነተኛ መዘግየት አለ፣ መለኪያው ላይ አይታይም። ኢንክሪፕሽን የሚጠብቀው የጠፋን ማሽን ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ስሊፕ ላይ ያለ ላፕቶፕ ቁልፉን ራም ላይ እንደያዘ ነው። ስለዚህ ክዳን ሲዘጋ ሃይበርኔት (ራም ላይ ያለውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ መጥፋት) እንዲሆን ታደርጋላችሁ። ስሊፕ በሁለት ሰከንድ ይነቃ የነበረው ማሽን አሁን መጀመሪያ ፒን ይጠይቃል፣ ከዚያ ራሙን ከዲስክ ይመልሳል፤ ኤስኤስዲ ላይ ጥቂት ሰከንድ፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ግማሽ ደቂቃም ሊሆን ይችላል። ሠራተኛው «ኢንክሪፕት ከተደረገ ወዲህ ዘገየ» የሚለው ይህን ነው። ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ አለዚያ ስሊፑን መልሰው ያበሩታል።

የፒችትሪ ባክአፕ ፍላሽ ላይ ሲገለበጥ ሳይመሰጠር ነው የሚሄደው። የፒቲቢ ፋይሉ ከተመሰጠረ ዲስክ ሲወጣ ተፈትቶ ይወጣል። አምስቱን ላፕቶፕ ቆልፎ ባክአፑን በቁልፍ መያዣ ላይ አንጠልጥሎ መዞር ዋጋ የለውም፤ ፍላሹም በቢትሎከር ቱ ጎ ይቆለፍ።

ተርሚናል ለገሃር

ስለ ኡቡንቱው። መጀመሪያ ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ ያ ማሽን ለደብዳቤ፣ ለኤክሴል ዓይነት ሥራና ለኢንተርኔት ነው የሚሆነው። ያ ከገባችሁ ቀጥሉ።

ሲጫን «ኤልቪኤም ከኢንክሪፕሽን ጋር» የሚለውን ምረጡ። ስዋፑም (ራም ሲሞላ የሚራገፍበት ቦታ) እዚያው ውስጥ ስለሚገባ የተለየ ሥራ የለም። በኋላ ላይ ኢንክሪፕት ማድረግ ይቻላል፣ ግን ገና ባዶ ሳለ ማድረጉ የሰዓታት ሥራ ይቀንሳል።

ከመጫናችሁ በፊት ከፍላሽ አስነስታችሁ «ክሪፕትሴትአፕ ቤንችማርክ» የሚለውን አሂዱ። ዲስክ አይነካም፣ ራም ላይ ብቻ ነው የሚለካው። የምታዩት ኤኢኤስ-ኤክስቲኤስ ባለ 512 ቢት የሚለውን መስመር ነው፤ 512 ሲል ሁለት 256 ቢት ቁልፍ ማለት ነው፣ አትደንግጡ። ኤኢኤስ-ኤንአይ የሌለው አይ3 ላይ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ወይም ከዚያ በታች ታያላችሁ። አዲሱ ሳታ ኤስኤስዲ 500 የሚያወጣ ከሆነ እዚህ ላይ ፕሮሰሰሩ ነው ማነቆው፤ ትልልቅ ፋይል ሲገለበጥ ይሰማል። ሆኖም ካሁኑ ሃርድ ዲስክ ጋር ሲነጻጸር አሁንም ሰማይና ምድር ነው።

ለእንዲህ ያለው ፕሮሰሰር አዲያንተም የሚባል አማራጭ አለ። ጎግል በ2019 እ.ኤ.አ. ኤኢኤስ መመሪያ ለሌላቸው ርካሽ ስልኮች ብሎ ያወጣው ሲሆን ከከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 5.0 ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ አለ። ኤኢኤስን በጣም በጥቂቱ ብቻ ስለሚነካ በሶፍትዌር ፈጣን ነው። የኡቡንቱ መጫኛ ግን አያቀርበውም፣ ፓርቲሽኑን በእጅ ማዘጋጀት ይፈልጋል። ለአንድ ማሽን ይህን ያህል መድከም አያስፈልግም ባይ ነኝ፤ ቤንችማርኩ ከ100 በታች ካልወረደ በቀር ነባሩን ተጠቀሙ።

አንድ ወጥመድ አለ። ሉክስ 2 ፓስወርዳችሁን ወደ ቁልፍ የሚለውጠው አርጎን2 በሚባል፣ ሆን ተብሎ እንዲዘገይ በተደረገ ስሌት ነው፤ መጠኑንም የሚወስነው ስትጭኑ በነበረው ማሽን ጉልበት ሁለት ሰከንድ እንዲፈጅ አድርጎ ነው። ኤስኤስዲውን አይ7ቱ ላይ ሰክታችሁ ጭናችሁ ወደ አይ3ቱ ብታዞሩት፣ ፓስወርድ ካስገባችሁ በኋላ ብዙ ሰከንድ ትጠብቃላችሁ፣ ዲስኩ የተበላሸም ይመስላችኋል። አይ3ቱ ላይ ራሱ ጫኑ። ጭናችሁ ከሆነም ፓስወርዱን እዚያው አይ3 ላይ መቀየር ብቻ ይበቃል፣ በአዲሱ ጉልበት ተለክቶ ይቀመጣል።

ትሪም በሉክስ ነባሪው ዝግ ነው፤ የቱ ቦታ ባዶ እንደሆነ ለውጭ ተመልካች ስለሚያሳይ። ክሪፕትታብ በሚባለው ፋይል ላይ «ዲስካርድ» የሚለው ከተጻፈ ግን ኡቡንቱ በሳምንት አንዴ ትሪም ያደርጋል። መጻፉን አረጋግጡ፤ ካልተጻፈ ኤስኤስዲው ሁሉም ቦታ የተያዘ ይመስለውና ከወራት በኋላ መጻፍ ላይ እየዘገመ ይሄዳል። ሰዉ ያኔ «ኢንክሪፕሽኑ ነው» ይላል።

ከከርነል 5.9 ወዲህ የንባብና የጽሕፈት ወረፋን የሚያስቀሩ ሁለት ማስተካከያዎች አሉ። በኤንቪኤምኢ ላይ ለውጥ ያመጣሉ፣ በሁለት ኮር ማሽን ላይ ግን አትንኳቸው።

ካቻቢቴ

45ቱን እቀበላለሁ። አይ7ቱ ራሱ መስክሯል፣ እኔ ምን ልጨምር።

ቲፒኤም ላይ ግን ይጨመር። አሮጌው አይ3 ላይ ያለው ምናልባት 1.2 ነው፣ ወይም ጨርሶ የለውም። «ቲፒኤም.ኤምኤስሲ» ብላችሁ ራን ላይ ስትጽፉ ይነግራችኋል። ከሌለው በግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ፣ ከቢትሎከር ሥር፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ድራይቮች የሚለው ጋ፣ ሲነሳ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን አብርታችሁ ያለ ቲፒኤም እንዲሠራ ፍቀዱ። ያኔ በፒን ፈንታ ፓስወርድ ይጠይቃል። ፓስወርዱን በመገመት ለሚሞክር ቲፒኤም እንደሚያደርገው የሚቆልፍ ስለሌለ ረጅም ይሁን፤ አራት አምስት ቃል ተቀጣጥሎ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ለምሳሌ የሰፈርና የእህል ስም።

ማሽን ለጥገና ሲላክ፦ ማዘርቦርድ ከተቀየረ ቲፒኤሙ አብሮ ይሄዳል፣ 48 አሃዙ ግድ ነው። የባዮስ አፕዴት ብቻ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት «ሰስፔንድ ፕሮቴክሽን» በሉት፤ ዲስኩ አይፈታም፣ ቁልፉ ብቻ ለጊዜው ክፍት ይሆናል፣ ከተነሳ በኋላ ወደ ቦታው መመለሱን «ፕሮቴክሽን ኦን» የሚለው ላይ እዩ። ሰስፔንድ እንደተደረገ ማሽኑን ሱቅ ትታችሁ አትሂዱ፤ ያኔ ኢንክሪፕት እንዳልተደረገ ነው። ጠጋኙ ኪውን ከጠየቀ ደግሞ እዚያው ቆማችሁ አስገቡለት፣ ወረቀቱን አትስጡት። ሰጥታችሁም ከሆነ ማሽኑ ሲመለስ አሮጌውን ኪ አጥፍታችሁ አዲስ አውጡ፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፣ ዲስኩም እንደገና አይመሰጠርም።

ሲ5 ላይ 24 ያለውን ዲስክ ስታወጡት አትጣሉት፣ ለሻጭም አትመልሱት። ያልተመሰጠረ የደንበኛ ሰነድ ያለበት እሱ ነው። ከፍታችሁ ሳህኑን በመዶሻ በሉት፤ የ2.5 ኢንች ሳህን ብዙ ጊዜ መስታወት ስለሆነ ይረግፋል፣ ዓይናችሁን ሸፍኑ።